ጨው የተከለከለው የጨው ነጋዴ ውሻ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፈንታው ዋጃ ከተማ ውስጥ ጨው ይቸረችር ነበር። ከአፋር በግመል የሚመጣለትን አሞሌ ጨው ሲያራግፍ እንደ እሱ ደስተኛ ሰው አላየሁም። ከብት ጨው ሲልስ ይሰባል፤ ታዲያ ውሻን ምን ይከለክለዋል? ይል ነበር። ልጅ ያልወለዱት እሱና ሚስቱ ማሚቴ ውሻቸውን «ማን አለብኝ» ብለው ሰይመው፣ አሞሌ እያስላሱ አሳደጉት። እኛ ጎረቤቶቹ እንስቅበት ነበር።

ማሽላው ሲያሽት ውሻው ከሳ። ውሃ ሲጠጣ ይውላል፣ ሲሸና ይውላል፤ ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል። ለሀጩን ያየችው ጎረቤታችን ሸዋነሽ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

«ፈንታው! ውሻህ አብዷል። ልጆቼን ሳይነክስብኝ ግደለው፤ አለዚያ ወንዶቹን እጠራለሁ!»

አልፈርድባትም፤ ያበደ ውሻ ከዚያ በፊት ሰው አሳጥቶናል። ፈንታው ግን እስከ ነገ እንድትታገሠው ለመናት። ውሻውን ግንድ ላይ አስሮ ቆቦ ገሰገሰ፤ በላቸው የሚባል የከብት ሐኪም ለክትባት መጥቶ እዚያ ሰንብቶ ነበር።

ሐኪሙ በማግስቱ መጣ። ከሩቅ ቆሞ ብዙ አየው፤ ውሃውን ያለ ችግር ሲውጥ ሲያይ ቀረበ። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል፤ ድዱ ቆስሏል። ወገቡን ጫን ሲያደርገው ውሻው አቃሰተ።

«ምን ይበላል?»

«ጨው አጥቶ አያውቅም ጌታዬ! እኔ ሳልቀምስ እሱ ይልሳል» አለ ፈንታው ደረቱን ነፍቶ።

«እብደት አይመስለኝም፤ ለጥንቃቄ ግን ታስሮ ይቆይ። የደከመው ኩላሊቱ ነው፤ ጨውዎ ደግሞ አባሰበት። ከእንግዲህ ጨው በፍጹም፤ ሥጋም ይቀነስለት። ንጹሕ ውሃ አይለየው፤ ገንፎ በእንቁላል ይስጡት።»

ፈንታው ግንዱ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የሚወደውን በገዛ እጁ ማሳመሙ አንገበገበው።

ውሻው ቀስ በቀስ መብላት ጀመረ፣ ተነሣ፤ ሸዋነሽም ወንዶቹን ሳትጠራ ቀረች። ማሽላው ሲታጨድ ሐኪሙ ሊያየው ተመለሰ።

«አሁንማ ዳነ» አለ ፈንታው፤ «ትንሽ ላስልሰው?»

«የደከመ ኩላሊት እንደ ድሮው አይሆንም። በሕይወት እስካለ እንዲሁ ነው።»

ፈንታው ጥቂት አሰበና ወደ ሚስቱ ዞረ። «ማሚቴ፣ እንግዲያው የኔም ገንፎ ላይ ጨው አትጨምሪ። እሱ እያየኝ አልበላም።»

«እኔ እኮ ጨው ነጋዴ ያገባሁ መስሎኝ ነበር!» ብላ ማሚቴ በሳቅ ፈረሰች።

ገንፎው ቀረበ። ፈንታው ቀመሰው፤ ፊቱን አጨማደደ። ውሻውን አየት አደረገና ገንፎውን ጠርጎ በላ።