ሰው ቤት የቀረው መቀርቀሪያ

ኤንገልበርት ኮነ ዕድሜውን የጨረሰው የጭስ ማውጫ በመጥረግ ነው። በጀርመን አገር፣ በዛወርላንድ ኮረብቶች መካከል ባሉ መንደሮች እሱ ያልወጣበት ጣሪያ፣ አጎንብሶ ያልገባበት ቆጥ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ደጁን ጠርጎ፣ ሳሎኑን አሳምሮ እንግዳ ይቀበላል፤ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ግን የሚገባው እንግዳ በማያይበት በኩል ነው። ማን የተሰበረ አልጋ መጣል እንዳቃተው፣ ማን ከሚስቱ ደብቆ ጠርሙስ እንደሚያከማች ኤንገልበርት ሁሉንም ያውቃል። ያየው ሁሉ ግን ሆዱ ውስጥ ይቀራል።

ቆጥ ላይ የሱን ዓይን የሚስበው ሌላ ነገር ነበር፤ የድሮ የፕሩሲያ ወታደር ጠመንጃ። መርፌ ጠመንጃ ይሉታል። ምላጩ ሲሳብ ረጅም መርፌ ወረቀት የለበሰውን ጥይት በስቶ ያስነሳዋል። ሠራዊቱ ከጣለው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታልና ዛሬ ለሱ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ከፍልጥ ክምር ጀርባ፣ አንዱ በአሮጌ መጋረጃ ተጠቅልሎ ይገኛል። ኤንገልበርት ባለቤቱን ያስፈቅድና የእጁን ጥቀርሻ ጠርጎ ፎቶ ያነሳዋል፤ የክፍለ ጦሩን ምልክትና በየብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ይመዘግባል። ሽጡልኝ ብሎ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። የሚጠላው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሮጌ ብረት በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ የሚያብረቀርቅ ሰው። "ሽማግሌ ስለተላጨ ልጅ ይሆናል?" ይላል።

የራሱ ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ ቅድመ አያቱ የተዉት። የሚያቃጥለውም እሱ ነው። በርሜሉ፣ ሰደፉ፣ ቀለበቱ፣ ትንንሾቹ ብሎኖች ሳይቀሩ 4817 ይላሉ። የሚከፍተውና የሚዘጋው ብረት፣ መቀርቀሪያው፣ ግን 2206 ነው። የሰው ነው። ለእኔና ለእናንተ ይኼ ምንም አይደለም፤ ለሱ ግን ጥርስ መሐል እንደገባ ሥጋ ነው፣ ምላስን ሌላ ሥራ ያስፈታል። ከወጣትነቱ ጀምሮ በገባበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው 4817 የሚል መቀርቀሪያ ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ አልተወም። ሚስት ያላገባ ሰው እሁዱን በምን ያሳልፈው?

በመከር አንድ ቀን ከጎረቤት መንደር ስልክ ተደወለለት። ወይዘሮ ቫልቡርጋ ቲገስ ናት፤ ባሏ ማይኖልፍ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ማይኖልፍ የአያቶቹን ጠመንጃ ለጭስ ማውጫ ጠራጊ ቀርቶ ለወንድሙ እንኳ የማያስነካ ሰው ነበር። እሷ ግን ባሏ ስለ ጠመንጃው የነገራት ከጭንቅላቷ ሳይጠፋ እንዲመዘገብላት ፈልጋለች።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ጠመንጃውን አስተኝታ ጠበቀችው። ኤንገልበርት መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ። በርሜሉ 2206 ይላል። መቀርቀሪያውን ሳያየው ልቡ አወቀው። ሲያየው 4817 ነው።

"ወይዘሮ ቲገስ፣ ትንሽ ልቀመጥ።"

"ተቀምጠዋል እኮ፣ አቶ ኮነ።"

ነገሩን ሲያስረዳት እንዴት እንደሆነ ሁለቱም ወዲያው ገባቸው። ድሮ አንድ የቀድሞ ወታደር ሲሞት የሁለቱ መንደር ዘማቾች ተሰብስበው መቃብሩ ላይ ሦስት ጊዜ ይተኩሱ ነበር። ከቀብር ሲመለሱ መጠጥ ቤት ይገቡና በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ጠመንጃ ይወለውላሉ። ይኼ ጠመንጃ ደግሞ ሲተኮስ ይቆሽሻል፤ መጀመሪያ የሚወልቀው መቀርቀሪያው ነው። ቢራው ከዘይቱ ይበልጥ ነበርና ማን የማንን አንስቶ እንደከተተ ማን ያያል?

"ቅድመ አያትዎ ሰክረው ነበር ማለት ነው" አለች።

"የማይኖልፍስ ቅድመ አያት ውሃ ነበር የሚጠጡት?"

ሳቀች። እሱ ግን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባ። ብንለዋወጥ ሁለቱም ሙሉ ይሆናሉ፣ ማንም አይጎዳም አላት። ቫልቡርጋ የመቀርቀሪያውን እጀታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አንደኛው ጎኑ ተበልቶ ልስልስ ብሏል።

"ማይኖልፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት እየቀባ ይከፍተው ይዘጋው ነበር። እንዲህ ያለሰለሰው የሱ እጅ ነው። ቁጥሩ የእርስዎ ይሁን፣ አልጣላዎትም። እጁ ግን የሱ ነው። አልሰጥም።"

ኤንገልበርት አዘነ። ቢሆንም አልተከራከረም፤ የሰው እጅ የተወው ምልክት አይነካም እያለ መንደሩን ሲያሰለች የኖረ ራሱ ነው። ካሜራውን ሲሰበስብ ግን አሳዘናት።

"ማየት መቼ ከለከልኩ? እሁድ እሁድ የእርስዎን ይዘው ይምጡ። ይግጠሙት፣ ጠግበው ይዩት፣ ከዚያ መልሰው ይሂዱ።"

እሱም ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በአሮጌ መኪናው ይመላለስ ጀመር። መቀርቀሪያዎቹን ይለዋውጣል፤ የራሱን ሲዘጋው የሚሰማው ድምፅ አንጀቱን ቅቤ ያጠጣዋል። ከዚያ የፕሪም ኬክ ይቀርባል። መጀመሪያ ወሬው ስለ ጠመንጃ ነበር፤ ቀስ እያለ ወደ ማይኖልፍ ማንኮራፋት፣ ወደ እንጉዳይ ለቀማ፣ ወደ ጉልበት ሕመም ዞረ። በረዶ በጣለበት አንድ እሁድ ቫልቡርጋ ኬኩን እየቆረሰች፣ "አንተ ብልህ ይሻላል መሰለኝ። በዚህ ዕድሜያችን እርስዎ እርስዎ ስንባባል ኬኩ ይደርቃል" አለችው። እሱም ጆሮው ቀልቶ፣ "በይ እንግዲያው አንቺም ኬክ ጨምሪልኝ" አላት።

ፋሲካ ሲቃረብ አንድ እሁድ፣ በወጣትነቱ የቄሱ ቤት ጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ቄሱ ከታች ጸሎት እንዳደረሱለት ነገራት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዝናብ መጣ፤ የተሰጣውን ልብስ አብረው አስገቡ፤ እሱም እየቸኮለ ሄደ። ቤቱ ደርሶ ብርድ ልብሱን ሲፈታ መቀርቀሪያው 4817 ይላል። መልሰው ሳይቀይሩ ረስተውታል፤ ልክ እንደ ቅድመ አያቶቹ፣ ያውም ያለ ቢራ።

ጠመንጃው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቁጥር ሆነ። ኤንገልበርት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በሁሉም በኩል አየው፣ ፎቶ አነሳው፣ ደስም አለው። ከዚያ ቋሊማውን ቆርጦ ብቻውን ለእራት ተቀመጠ። የመጪው እሁድ ነገር ድቅን አለበት። እስካሁን መቀርቀሪያ ፈላጊ ሆኖ ነበር የሚሄደው፤ አሁን ምን ሊል ነው? ሰሃኑን ገፋ አደረገው።

ስልኩ ጮኸ።

"ኤንገልበርት፣ የኔው ጠመንጃ ከላይ እስከ ታች 2206 ሆኗል።"

"የኔም ሞልቷል።"

"ደስ አለህ?"

"ብሎኛል።"

"እንግዲያው ያዘው። ሳስበው አመሸሁ፤ ማይኖልፍ በዚህ አይቀየመኝም።"

ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረ ቃል ነበር። አፉ ግን ሌላ ተናገረ። "ሙሉ ከሆነ እኮ ቫልቡርጋ፣ ምን ብዬ እመጣለሁ?"

"አንተ ሰውዬ" አለችው፣ "ክረምቱን ሙሉ ያን ብረት ተሸክመህ ስትመላለስ፣ ለኬክ መጣሁ ማለት አቅቶህ ነው?"

እሁድ መቀርቀሪያውን ብቻ በኪሱ ይዞ ሄደ። የማይኖልፍ አውራ ጣት ያለሰለሰውን ብረት ወደለመደው ቦታ መለሰ፤ የሰውን ቁጥር፣ 2206ን፣ ተቀብሎ በኪሱ ከተተና ኬኩ ወዳለበት ጠጋ አለ። የኤንገልበርት ጠመንጃ ዛሬም ጎዶሎ ነው፤ እሁድ እሁድም ቤቱን ብቻውን ይጠብቃል።