ሰማያዊዋ ገመድ

እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ባለው፣ በገመድ ታስረን ግድግዳ ላይ በምንወጣበት የስፖርት አዳራሻችን ልጆች ያለ አዋቂ መውጣት የሚፈቀድላቸው ወላጅ የፈረመበት ወረቀት ይዘው የአንዲት ፈታኝ ሴትዮን ፈተና ሲያልፉና እሷም ስትፈርምላቸው ነው። ስሟን አላውቅም። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጣቶቿ ሻካራ ናቸው። ከቁልፎቿ ጋር አንዲት የደበዘዘች ሰማያዊ የገመድ ቁራጭ ታንጠለጥላለች፤ መሃሏ ላይ ያላለቀ ቋጠሮ አለ። ሰው ገመድ ሲቋጥር እያየች ሰላም ብላት እንኳ እስኪጨርስ ድረስ አትመልስልኝም።

ቅዳሜ ዕለት ቤተን የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከጓደኛዋ ከካለም ጋር ተፈተነች። እሱ ሊወጣ፣ እሷ ከታች ገመዱን ልትይዝለት እየተሳሳቁ ታጠቁ። ካለም ግድግዳውን ሊጨብጥ ሲል ሴትዮዋ ትከሻውን ያዘችው። ገመዱን ከወገቡ መታጠቂያ ጋር የሚያስረው ቋጠሮ ግማሽ ላይ ቀርቷል።

"ቋጠሮውን አይተሽለታል?" አለቻት።

"እያወራን እኮ ነው የረሳነው! ደግሞ አልወደቀ፤ ምን ታካብጃለሽ?"

"ብሞት ስልኬን ውረሺ" አላት ካለም ወደ ቤተን ዞሮ እየሳቀ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ሳትፈርም ለቤተን መለሰችላት።

"በሚቀጥለው ቅዳሜ ነይ፣ የኔ ልጅ" አለች፣ ሰማያዊዋን ገመድ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች። "ይህችን ወንድሜም እንዲህ እያሳቀኝ ነበር የቋጠራት። እኔም አላየሁለትም።"