ያልተረጎምሁት ጥያቄ

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት ወር ነው። ለባለቤቴ እንኳ ሙሉውን አልነገርኋትም። ዛሬ የምጽፈው ይቀለኛል ብዬ አይደለም፤ ለሰው የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ካለ ይስማው ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። አንድ አስጎብኚ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ዐሥራ አንድ ፈረንጆች ይዞ ሊመጣ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ዛንዚባር ደሴት ላይ ሲዋኙ ሰንብተዋል፤ ቀጥለው አዲስ አበባን ሁለት ቀን ያያሉ፤ መጨረሻ ላይ የኛን ደጋ ይጎበኛሉ። ጮቄ ተራራ ሥር አንድ ገበሬ ቤት ሲገቡ የሚያስተረጉምላቸው ሰው ይፈልጋል። ደስ ብሎኝ እሺ አልሁ።

ሲመጡ ከባሕሩ ፀሐይ የተነሣ የሁሉም አፍንጫ ተልጧል። የጮቄ ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ የገዙትን ጋቢ ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ።

ከመነሣታችን በፊት አስጎብኚው ለብቻዬ ጠራኝ። "አደራ መምህር፣ ልመና እንዳይኖር። ልመና ካዩ ሁለተኛ አይመጡም" አለኝ።

"የጎጃም ገበሬ ቢቸግረው እንኳ ለእንግዳ እጁን አይዘረጋም" አልሁት ደረቴን ነፍቼ። መኪና ውስጥም ይህንኑ ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ ደገምሁላቸው። አጨበጨቡልኝ።

የተቀበሉን እትዬ እንጉዳይ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረቡ፤ ጠላ ቀዱ። ዐይናቸው ቀልቶ ያነባል፤ በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ይጠርጉታል። አንዱ ፈረንጅ አዋዜውን አብዝቶ ትን ሲለው ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሳቁ ጋብ ሲል እትዬ እንጉዳይ ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እስኪ ጠይቅልኝ። ከነዚህ መካከል ዐይን የሚያውቅ ሐኪም ይኖር ይሆን? የዐይኔ ፀጉር ወደ ውስጥ እየዞረ ይወጋኛል። በወረንጦ ብነቅለውም መልሶ ይበቅላል። ቀኙማ መጨለም ጀምሯል።"

ፊቴ ጋለ። መኪና ውስጥ የተናገርሁት ትዝ አለኝ። ሁሉም ምን አሉ ብለው እኔን ያያሉ።

"ቤቴ በመግባታችሁ ደስ ብሎኛል፣ ዘመዶቻችሁን ሰላም በሉልኝ እያሉ ነው" ብዬ ተረጎምሁ።

ካሪን የምትባል ሽበታም ሴት አጠገባቸው ተቀምጣ ፊታቸውን ስታስተውል ቆይታ ነበር። "ዐይናቸው ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

"ጭስ ነው። ምድጃው ቤት ውስጥ ስለሆነ የብዙ ሴቶች ዐይን እንዲህ ነው።"

እትዬ እንጉዳይ አፌን አፌን ያዩኛል። "ምን አሉህ?"

"ሐኪም የለም እትዬ።"

"ደግ። መድኃኔ ዓለም ያውቃል" አሉና ባዶውን የድንች ሰፌድ አነሡ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን ልንለያይ ነው። ካሪን ከኔ ጎን ተቀመጠች። ሥራዋ ምን እንደነበር ጠየቅኋት፤ ጨዋታ ለመጀመር ያህል ብቻ።

ጡረታ እስክትወጣ የዐይን ሐኪም ነበረች።

"የትናንቷ ሴት ዐይን ጭስ አልመሰለኝም ነበር" አለችኝ። "ግን አንተ የአገሩ ሰው ነህ፣ ታውቃለህ ብዬ ተውሁት። እኔ እንደጠረጠርሁት ከሆነ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይበቃቸዋል። ሲዘገይ ግን ብርሃኑ ይጠፋል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። መኪናውን አዙረን ብንመለስ ሳይመሽ እንደርስ ነበር። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ዐሥራ አንድ ሰው አለ፤ አስጎብኚውም አለ፤ ውሸታም መባል አለ። ቁራሽ እንጀራዬን ወጥ አጥቅሼ ጎረስሁ። ካሪን ስትሰናበተኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ያላንተ ከሰዎቹ ጋር መነጋገር አንችልም ነበር" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ ስል ዓመት ሞላኝ። ፈተና አለ፣ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ተበላሽቷል እላለሁ። እውነቱ ግን እትዬ እንጉዳይን ማየት ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ ስሄድ ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ቀኝ ዐይናቸው ነጭ ሆኗል፤ ግራውም ቀልቶ ያነባል። በድምፄ ነው የለዩኝ።

"መምህሩ ነህ? ግባ እንጂ! ያን ጊዜ ስለጠየቅህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪም ቢጠፋ አንተ ምን ታደርግ?"

ምርቃታቸው ከእርግማን ከበደኝ። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ቀኙ አልፎበታል። ግራው በቀዶ ሕክምና ተረፈ። ጠዋት ገብተን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሐኪሙ ሠርቶ ጨርሷል። ያ ሕክምና ቀድሞም እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ ካለሁበት ከተማ ነበር። ፈረንጅ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ አልቻልሁም፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። የተሠራው ግራ ዐይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ለምን?" አሉ በመጨረሻ።

"ልመና እንዳይመስል ብዬ ነው እትዬ። አፍሬ ነው።"

"እኔ መቼ ለመንሁ? ሐኪም አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ።" "በኔ ነው ያፈርኸው?"

መልሴን አልጠበቁም። "በል አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ" ብለው ተነሡ። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ብዘረጋ ቀስ ብለው አሸሹት፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። በሩ ላይ ዘበኛው እጃቸውን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ወሰዳቸው።

አሁንም አንዳንዴ ለገበያ ሲመጡ እንገናኛለን። ቂም የላቸውም። ልጆቼን በየስማቸው እየጠሩ ይጠይቁኛል። ባለችው በአንዷ ዐይናቸው ፊት ለፊት ሲያዩኝ ግን፣ መሬት መሬት የማየው እኔ ነኝ።