ጠቅታ መልስ አይደለም

ማማው ላይ ያሉ ባልደረቦቿ «ድገሙልኝ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷም ሳይቀር። የበረራ ተቆጣጣሪ ናት። ለአብራሪ አንድ ነገር ስትነግረው፣ የነገረችውን በራሱ አፍ መልሶ ካልነገራት ወደ ሌላ ጉዳይ አታልፍም። ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ደንብና ልማድ ግን እንደ አማትና ምራት ናቸው፤ አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አይስማሙም። ሥራ ሲደራረብ ለሌሎቹ «እሺ» ይበቃቸዋል። አንዳንዴ «እሺ»ም አይመጣም፤ አብራሪው የማይኩን ቁልፍ ሁለቴ ይጫነዋል፣ ማዳመጫው ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሰምቷል ተብሎ ይታለፋል።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ብሎ የተረተውን ሰውዬ ባገኘው የምለው ነበረኝ ትላለች እሷ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ነው። አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ነበር። መጋዙ ግንዱን ሲበላ የሰውዬውንም ጆሮ አብሮ በላው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ብናኝ እያራገፈ። «አልሰማሁም» ማለት ስላሳፈረው ጭንቅላቱን መነቅነቅ ለመደ። «ሊዘንብ ነው፣ ልብሱን አስገባ» ይሉታል፤ ይነቀንቃል፤ ልብሱ እዚያው ይበሰብሳል። አንድ ቀን ሚስቱ ልጅቷን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣት ነገረችው። ነቀነቀ። ልጅቷ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ እስኪቆም ድረስ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። እናቷ እየሮጠች ስትመጣ፣ ያችን የምታክል ልጅ አንድ ነገር ገብቷት ነበር፤ አባቷ አልዋሸም፣ እናቷም መንገሯን አልረሳችም። ቃሉ በሁለቱ መሃል ወድቆ፣ ማንም ሲወድቅ አላየውም።

ከዚያ ወዲህ አባቷ ፊት ቆማ፣ እጁን ይዛ፣ «ምን አልኩህ?» ትለው ጀመር። መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ በመጨረሻ ይደግማል። የሚገርመው፣ ሰው እንጀራ የሚበላበትን ሙያ አንዳንዴ ስሙን እንኳ ሳያውቀው ቤቱ ውስጥ ይማረዋል።

ማማው ላይ ከወጣች በኋላ ከእሷ ጋር ብዙ የተጋጩት አንድ ሽማግሌ ካፒቴን ናቸው። ትንሽ የጭነት አውሮፕላን ብቻቸውን ያበርራሉ፤ የጥሪ ስማቸው «ጭነት ሰባት» ነው፣ የቁልምጫ ስማቸው ግን «ጠቅ ጠቅ»። በቃል መመለስ የጀማሪ ሥራ ነው ይላሉ። እሷ አላልፍ ስትላቸው ሁልጊዜ በቀልድ ይመልሳሉ፤ ቀልዱ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ከኋላ የተሰለፉት ይዘገያሉ፣ የዘገዩት አቤት ይላሉ። አቤቱታው የሚወርደው በፈረቃው አለቃ ራስ ላይ ነው።

«ልጄ፣» አሏት አለቃው አንድ ሰኞ፣ «አንድ ሰው ደግሞ ስላንቺ ቢደውልልኝ ከወንበሩ አነሣሻለሁ። ታች ቢሮ ውስጥ ወረቀት ታስተካክያለሽ።»

ታች ያለው ቢሮ መስኮት የለውም። እሷ ደግሞ ይህን ወንበር ያገኘችው ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቃ፣ በሦስተኛው ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ዝናብ ባባራበት ረፋድ፣ ወንዙ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ጉም ለበሰ። ከማማው ሲታይ የማኮብኮቢያው ግማሽ በፀሐይ ያበራል፣ ግማሹ የለም። ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ተጋድሞ፣ አስፋልቱ ወደ ውስጡ ገብቶ ይቀራል። ለማየት የሚያምር፣ ለመሥራት የሚያስጠላ ቀን ነበር።

«ጭነት ሰባት፣ ማረፍ ተፈቅዷል። ከማኮብኮቢያው እንደወጡ ያሳውቁኝ።»

ጠቅ ጠቅ።

«ካፒቴን፣ በቃል።»

«ኧረ ሚስቴም እንዲህ አስምላኝ አታውቅም» አሉ በሬድዮው። «ማረፍ ተፈቅዷል። እንደወጣሁ አሳውቃለሁ። ይኸው።»

አረፉ። ጎማው አስፋልቱን ሲመታ አውሮፕላኗ አንዴ ነጠረች፤ ከዚያ እየተንከባለለች ጉሙ ውስጥ ገባች። በዚህኛው ጫፍ «ንስር ሁለት»፣ መንገደኛ የሞላ ትልቅ አውሮፕላን፣ ለመነሣት አፍንጫውን ወደ ጉሙ አዙሮ ቆሟል። ከላይ ደግሞ ሌሎች ሁለት ለማረፍ ይዞራሉ።

«ጭነት ሰባት፣ ከማኮብኮቢያው ወጥተዋል?»

ጠቅ ጠቅ።

«ወጥቷል» አሉ አለቃው። የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከወንበሯ ኋላ ቆመዋል።

«አላሉም።»

«ጠቅ ጠቅ አለ እኮ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። መውጣታቸውን ግን አልሰማሁም።» ማይኩን ተጫነች። «ጭነት ሰባት፣ በቃል ይመልሱልኝ። ወጥተዋል?»

ጠቅ ጠቅ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ጠቅ ጠቅ።

የንስር ሁለት አብራሪ ጣልቃ ገባ። ወጣት ነው፣ ትዕግሥቱም እንደ ዕድሜው ነው። «ማማ፣ ሽማግሌው ዛሬም አፋቸውን መክፈት ሰነፉ። መንገደኛው ሊበላን ነው፤ እንነሣ?»

«ንስር ሁለት፣ ባሉበት ይቁሙ።»

«እሺ።»

«ምን አልኩ?»

ትንፋሹ በሬድዮው ተሰማ። «ባለንበት እንቆማለን።»

አለቃው ጎንበስ ብለው ጆሮዋ አጠገብ ደረሱ። «ስሚኝ፣ የንስር ሁለቱ ሰውዬ ዛሬውኑ ነው የሚደውልልኝ። ሽማግሌው ሃያ ዓመት ሙሉ ጠቅ ጠቅ ሲል ኖሯል፤ አንድ ቀን ሳይወጣ ወጣሁ ብሎ አያውቅም። ወይ ንስር ሁለትን አስነሺው፣ ወይ ተነሺና እኔ ላስነሣው።»

«ወንበሩን መውሰድ ይችላሉ» አለች፣ ዞር ሳትል። «እኔ ተቀምጬበት ግን አይነሣም።»

እሷ ዓይኗን ጉሙ ላይ ተክላ አባቷን አሰበች። አባቷ አብዝቶ የሚነቀንቀው ምንም ሳይሰማ ሲቀር ነበር። ሽማግሌውስ? እሳቸው አንዴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፣ ስትቆጣቸው ይቀልዳሉ። ካረፉ ወዲህ ደጋግማ ተቆጣቻቸው፤ ቀልዱ የት ሄደ? ያ ሁሉ ወሬ ያለው ሰው ዝም የሚለው መናገር ሲያቅተው ብቻ ነው።

«ጭነት ሰባት፣» አለች፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጠች፣ «ምናልባት ድምፅዎ አይወጣ ይሆናል። ከማኮብኮቢያው ከወጡ ቁልፉን አንድ ጊዜ ይጫኑ። እስካሁን ማኮብኮቢያው ላይ ከሆኑ ሦስት ጊዜ ይጫኑ።»

ዝምታን መልስ አላደረገችውም፤ ለሁለቱም ነገር የየራሱን ምልክት ሰጠች።

ጠቅ።

አለቃው ትንፋሻቸውን ሊለቁ ነበር።

ጠቅ። ጠቅ።

ሦስት ጊዜ፤ ማኮብኮቢያው ላይ ናቸው። አለቃው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሊያኖሩ ሲሉ ሻዩ እጃቸው ላይ ፈሰሰ፤ ያቃጠላቸውም አልመሰለም። እሷ ለአውሮፕላኖች መንገድ የሚያሳየውን መሪ መኪና ወደ ጉሙ ላከች፤ ከላይ የሚዞሩትን ሁለቱን ከፍ ብለው እንዲጠብቁ አዘዘች፤ ሁለቱም ደገሙላት። ንስር ሁለት ሳይጠየቅ ደገመ።

የመኪናው ሹፌር ያገኘው ይህን ነው። ሽማግሌው ጉሙ ውስጥ መውጫውን ስተው አልፈዋል፤ የፊት ጎማቸው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል፤ ጅራታቸው ማኮብኮቢያው መሃል ተገትሯል። አውሮፕላኗ ስትነጥር የማይካቸው ሽቦ ተበጥሷል፤ ቁልፉ ይሠራል፣ ድምፅ አይወጣም። ያ ሁሉ ጠቅታ ጩኸት ነበር። «አልወጣሁም፣ አልወጣሁም» ይሉ ነበር ሰውዬው፣ በአውራ ጣታቸው። ሰው ሁሉ ግን «ወጥቻለሁ» ብሎ ሰማው፤ ለሃያ ዓመት እንዲያ ብሎ እንዲሰማ ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ከመሪ መኪናው ሬድዮ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ። «ድገሙልኝ፣ ጭነት ሰባት ነኝ፣ በሰው ሬድዮ። ማኮብኮቢያው ላይ ነኝ። ደግሜ እላለሁ፣ ማኮብኮቢያው ላይ ነኝ። ይኸው ደገምኩልሽ፣ ልጄ።»

«ማኮብኮቢያው ላይ ነዎት» አለች። «ተሰምቷል፣ ካፒቴን።»

ፈረቃው ሲያልቅ አለቃው ደረጃው ላይ አገኟት። እጃቸው በፎጣ ተጠቅልሏል። ብዙ ሊናገሩ አስበው መምጣታቸው ያስታውቃል፤ የወጣቸው ግን ጥቂት ነው።

«ነገም ወንበሩ ላይ አንቺ ነሽ።»

«እሺ።»

አልሄዱም። «እሺ ብቻ?»

እሷ ሳቀች። «ነገም ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ።»

ቤት ስትደርስ ለአባቷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ጉሙን፣ ጠቅታውን፣ የአለቃውን ሻይ፣ የነገውን ወንበር። እሱ እየነቀነቀ ሰማት። ስትጨርስ እጁን ያዘች።

«ምን አልኩህ?»

«ነገ ሥራ አለሽ» አለ አባቷ።

«ሌላስ?»

«ሌላውን» አለ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እያስጠጋ፣ «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ከመጀመሪያው ነገረችው።