በጋሽ ጴጥሮስ የለቅሶ ድንኳን የተከፈተው ገጽ

ጋሽ ጴጥሮስ ማረፋቸውን የሰማሁት እርዳታ ልጠይቃቸው ስደውል ነው። የትንሿ ልጄ የቤቴል ኢንሱሊን ከዚያ ጠዋት የሚተርፍ አልነበረም፤ የትኛው ፋርማሲ እንዳለው የሚያሳየው የእሳቸው ድረ ገጽ ደግሞ ስልኬ ላይ አልከፈት አለ። ስልኩን ያነሱት ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ናቸው። «ጴጥሮስ የለም፤ ጥሎኝ ሄደ» አሉኝ። ለእሳቸው ላልቅስ ወይስ ለልጄ?

የምታውቋቸው ሁሉ፣ እኔ ብዙ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ልጆቻችን ስኳር ያለባቸው እናቶች ከለቡ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ፋርማሲ ለፋርማሲ ስንንከራተት አይተው ነው ገጹን የሠሩልን። ትልቋን ልጄን ሰላምን ሳሎናቸው አስቀምጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሙያቸውን አስተማሯት። ስትደነግጥ «መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የጻፈውን አንብቢ፤ ከዚያ ትፈሪያለሽ» ይሏት ነበር። እኔንም «ክላውድ ማለት እኮ ገጹ የሚያድርበት የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩ ባሳየሽ በር ነው የምትገቢው» እያሉ ያስቁኝ ነበር። ያረፉት ገጹን ወደ አዲስ ክላውድ ሲያዛውሩ ነው። አሮጌው ተዘግቷል፣ አዲሱ አልተከፈተም።

በዚያው ጠዋት ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ለቅሶ ደረስን። እትዬ ማርታ ሰላምን ሲያዩ የጋሽ ጴጥሮስን ኮምፒውተር አመጡላት። መዝሙሩ እየተዘመረ፣ ልጄ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ እያለቀሰች ኮምፒውተሩ የጻፈውን ማንበብ ጀመረች።

«እማዬ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ጀምሯል። ግን የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚያንኳኳውን አይሰማም።»

«ታዲያ ንገሪውና ይስማ!»

አንድ መስመር አስተካክላ ወደ አዲሱ ክላውድ ላከችው። ገጹ አልተከፈተም። ደግማ ላከችው። አሁንም አልተከፈተም። ቤቴል ጭኔ ላይ ተጋድማ ውኃ ውኃ ትላለች። የደወልኩለት ፋርማሲ ሁሉ «አልቋል» ይለኛል። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

እትዬ ማርታ ከለቀስተኛው መሀል ቀና አሉ። «ልጄ፣ ካረምሽው በኋላ እንደገና ገነባሽው? ወይስ ያልታረመውን የትናንቱን ነው የምትልኪው?»

ሰላም አፏን በእጇ ያዘች።

«እሱም እንዲሁ ነበር! "ማርታ፣ አርሜ አርሜ ያልታረመውን ላክሁት" እያለ ራሱን ሲሰድብ ኖረ» አሉና በእንባቸው መሀል ሳቁ።

የታረመው ፕሮግራም እንደገና ተገነባ፣ ተላከ፣ ገጹ ተከፈተ። የአንድ መካኒሳ ያለ ፋርማሲ ስም ወጣ። ደወልኩ። «አለ፣ ቶሎ ነይ» አሉኝ። ቤቴልን አዝዬ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ጋሽ ጴጥሮስ፣ ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽዎትም። ገጹ ነገ ቢዘጋ ማን እንደሚከፍተው አላውቅም። ሰላም ገና ተማሪ ናት፤ መድኃኒቱም መጥፋቱን አይተውም። እርስዎ አፈር ሲለብሱ እኔ ፋርማሲ በር ላይ ነበርኩ፤ አልሸኘሁዎትም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ግን እርስዎው ነበሩ «ሂጂ» የሚሉኝ። መድኃኒቱ እጄ ገብቷል። ቤቴል መርፌዋን ተወግታ ተኝታለች። ደርሰናል፣ ደህና ነን። አሁን እርስዎም ይረፉ።