ማሰሪያ የሌለው ስኒከር

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕድሜዬን ስፈጅ አንድም ፈተና ወድቄ አላውቅም። ሥራውን ቻልኩት አልቻልኩት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፈተናውን ግን አልፍ ነበር። ችግሬም ከዚያ ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝና ሐኪም ቤት ገባሁ። በክንዴ በኩል ገብተው፣ የጠበበውን የልቤን ደም ሥር በፊኛ አስፍተው፣ ዳግመኛ እንዳይጠብ ስቴንት የሚሏትን የሽቦ ቀለበት ተከሉልኝ። ሐኪሙ ታዲያ «ተመልሶ ሊጠብ ይችላል፤ በመሮጫ ማሽን ላይ ልብዎን እናያለን» አለኝ።

ባለቤቴ ፍርዷን የሰጠችው ገና ምርመራው ሳይጀመር ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። «ጠቧል ካሉህ ወሎ ሰፈር ልጃችን ጋ እንገባለን። የእሷ ቤት ደረጃ የለውም» አለች። ልጄን እወዳታለሁ፤ ባሏንም እችለዋለሁ። ግን በአማች ሳሎን ሪሞት እየለመነ ዜና የሚያይ ሽማግሌ መሆን አልፈለግኩም። ስለዚህ ማለፍ አለብኝ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሱፌን ለብሼ፣ ጥቁር ጫማዬን አስወልውዬ ነበር። ሐኪም ፊት ሲቀረብ እንዲያ ነው የምናውቀው። የማሽኑ ባለሙያ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አባባ፣ ሰርግ አለብዎት እንዴ? በዚህ ጫማማ ጥርስዎን ያወልቃሉ።»

«የቀረ ጥርስ ካገኘሽ» አልኳት። ስቃ ሌላ ቀን ቀጠረችኝ። ጉርድ ሾላ ላይ የቆመው የመኪና ሰልፍ እስኪንቀሳቀስ ታክሲ ውስጥ ራሴን ስረግም ዋልኩ።

ልጄ ነጭ ስኒከር ገዛችልኝ። ማሰሪያ የለውም፤ እግር አስገብቶ መሄድ ብቻ። ሳደርገው የጎረመስኩ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ግን «ዳክዬ መሰልክ» አለች።

ሐኪሙ የልብ ምት የምታዘገየዋን ክኒን በምርመራው ጠዋት እንዳልውጣት ነግሮኛል። እኔ ሆዬ በልቤ «ልብ ተረጋግቶ ከሮጠ ውጤቱ ያምራል» ብዬ ዋጥኳት። ለፈተና የማያጠና ተማሪ አለ እንዴ?

ባለሙያዋ በስንት ዓመት የበቀሉትን የደረቴን ጥቂት ፀጉሮች ላጨቻቸው። ሽቦ ለጣጥፋ ማሽኑ ላይ አወጣችኝ።

«ብረቱን አይደገፉ አባባ!»

«አልተደገፍኩም፤ ሰላም ልለው ነው።»

«ደረትዎን ያዝ ያደርግዎታል?»

«ኧረ ምንም!» እውነትም ምንም አልነበረም። ላብ በላብ ሆኜ ስወርድ በማለፌ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ ግንባሩን ቋጠረ። «ልብዎ የምንፈልገው ፍጥነት ላይ አልደረሰም። ክኒኗን ውጠዋል?»

«ትንሽ።»

«ግማሿን?»

«ሙሉዋን። ግን ትንሽ ክኒን ናት።»

አልሳቀም። «አባቴ፣ እዚህ ማለፍና መውደቅ የለም። ይሄ ወረቀት ምንም አይነግረኝም።»

«እሺ፣ ሳልውጣት ብሮጥስ ኖሮ? መጥበቡን ቁርጡን ትነግረኝ ነበር?»

«ቁርጡን እንኳ አልነግርዎትም። ጠቦም ደህና የሚመስል አለ፤ ሳይጠብም የሚያስደነግጥ አለ። ማሽኑ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ለዚህ ነው ከእርስዎ አፍ የምፈልገው። ደረጃ ሲወጡ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩት።

ንድድ ብዬ ወጣሁ። ተላጭቼ፣ ሽቦ ተለጣጥፎብኝ፣ እንደ ዳክዬ ተጫምቼ የሮጥኩት «አላውቅም» ለመባል ነው? አዋቂ የተባለው ማሽን እኔኑ መልሶ ከጠየቀኝ ምን ያደርግልኛል? ታክሲ ውስጥ በማሽኑም፣ በሐኪሙም፣ በገዛ ብልጠቴም ስነጫነጭ፣ ደጅ ስትጠብቀኝ የዋለችው ባለቤቴ በመስኮት ታያለች።

ደረጃውን ተያያዝነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ያ የማውቀው ነገር መጣ፤ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እንደ ወትሮዬ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ላስር እጄን ሰደድኩ። ማሰሪያ የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታስር ነው?»

ጎንበስ እንዳልኩ ስኒከሩን በእጄ ጠረግ ጠረግ አደረግኩ።

«ያ ጥቁር ጫማህ ሁልጊዜ እዚህ ፎቅ ላይ ነው የሚፈታው። ለሐኪሙስ ይነግረዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። «ያዝ ያደርገኛል» አልኳት። «ቆም ስል ይለቀኛል።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ንገረው» ብላ ሐኪሙ ጋ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ነገርኩት፤ መቼ እንደጀመረኝ፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚይዘኝ። ቱግ ይላል ብዬ ነበር፤ ብሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለካ የምለውን እየጻፈ ነው። «ይሄን ነበር የምፈልገው» አለ። «ነገ ጠዋት ይምጡ። ቆመውም ካልለቀቀዎት ግን አሁኑኑ።»

ለቀቀኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከላይኛው ፎቅ የበራችን ቀለም ይታየኛል፤ ራሴ ነኝ የቀባሁት፣ መስመሩ ተንጋዷል።

«ልጃችን ቤት ሪሞቱ የሚውለው ማን ጋ ነው?» አልኳት።

«አንተ ጋ አይደለም» አለችና ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ።