እናቴ ሜዳ የገባች ዕለት

ቁመቴን የወረስኩት ከአባቴ ነው። እሱ ከሸዋ መጥቶ መቀሌ የቀረ መምህር ነበር፤ እናቴ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ቤታችን ውስጥ አባቴ በአማርኛ ይቆጣል፣ እናቴ በትግርኛ ትመርቃለች፤ እኔ በሁለቱም እመልሳለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አባቴን በቁመት በልጬው ስለነበር፣ እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቆሜ እንዳልታይ "ተቀመጪ" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሱቅ ሳግዛት አንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ ገባች። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ጣቃ ያለ በርጩማ እጄን ዘርግቼ አወረድኩላት። ሴትዮዋ ጨርቁን ትታ እኔን ታይ ጀመር። የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነበረች።

"ኳስ ይዘሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"ልጄ ተማሪ ናት። ለጨዋታ ጊዜ የላትም" ብላ እናቴ መለሰችላት።

አሰልጣኟ አልተከራከረችም። በሳምንቱ መጥታ የትራስ ጨርቅ ገዛች፤ ቀጥሎ የአልጋ፣ ቀጥሎ የጠረጴዛ። ስትወጣ ሁልጊዜ "ልጅቷስ?" ትላለች። በመጨረሻ እናቴ፣ "ይህቺ ሴት ቤቷን በሙሉ ጨርቅ አለበሰችው፤ ሂጂና አሳርፊያት" አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ እግሬ እርስ በርሱ ይጠላለፍ ነበር። ቢሆንም ሜዳውን ወደድኩት። እዚያ "ተቀመጪ" የሚል የለም፤ አሰልጣኟ የምትጮኸው "ቀና በይ" እያለች ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ አንድ ክለብ በደመወዝ ቀጠረኝ። እናቴ ማመን አቃታት። "ኳስ ለመወርወር ደመወዝ? ሌላ ምን ሊያሠሩሽ ነው?" አለች። ነገሩን በዓይኗ ለማየት ነጠላዋን አጣፍታ ከአዲስ አበባ ቡድን ጋር ወደ ገጠምነው ጨዋታ መጣች።

ከእረፍት በኋላ ኳስ ይዤ ስዘል የእንግዳው ቡድን ተከላካይ ገጨችኝና በጀርባዬ ተዘረርኩ። ዓይኔን ስገልጥ ከላዬ የቆመው ዳኛው አልነበረም። እናቴ ነበረች። ሜዳው እንዳይቆሽሽ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ተጎዳሽ?"

"ደህና ነኝ አደይ። ጨዋታ ነው፤ በይ ውጪ።"

እሷ ግን ወደ ተከላካይዋ ዞረች። ልጅቷ እኔንም ትበልጣለች፤ እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት።

"የሰው ልጅ እንዲህ ይገፋል? እናት የለሽም?"

"አለችኝ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችና ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ሞከረች።

የእናቴ ቁጣ እዚያው በረደ። ትከሻዋን ይዛ አነሳቻትና፣ "ምሳ በልተሻል?" አለቻት። ተመልካቹ በሳቅ አውካካ። የቅጣት ውርወራዬን እየሳቅሁ ስለወረወርኩ ሁለቱንም ሳትኩ፤ ጨዋታውንም ተሸነፍን። እናቴ በማግስቱ ያሸነፉንን ሁሉ ቤት ጠርታ ጥሕሎ አበላቻቸው። ያቺ ተከላካይ የገብሱን ድቡልቡል በእንጨት እየወጋች ወጡ ውስጥ ስትነክር ግማሹ ቀሚሷ ላይ ቀረ። እናቴ ከጎኗ ተቀምጣ ታጎርሳት ነበር።

ከዚያ ክፉዎቹ ዓመታት መጡ። ውድድር ቆመ፤ ስልክም ጠፋ። መስመሩ እንደተከፈተ ከደወሉልኝ ሰዎች አንዷ ያቺ ተከላካይ ናት። ሰላምታም ሳትጨርስ፣ "እናትሽ ደህና ናቸው?" አለች።

"ደህና ናት። ሱቅ ናት።"

ስታለቅስ ተሰማኝ።

ክለባችን እንደገና ሲሰባሰብ ጉልበቴ የድሮው አልነበረም። ጧት ጧት የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ስሮጥ አዲሶቹ ልጆች እየቀደሙኝ፣ "በርቺ፣ እትየ" ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ የገጠምነው አዲስ አበባ ላይ ነው። በሰፊ ልዩነት ተሸነፍን፤ አግዳሚው ላይ ስንሳሳቅ ላየን ግን አሸናፊዎቹን እንመስል ነበር። እንደገና ማልያ መልበሳችን ራሱ በቂ ነበር።

ያቺ ተከላካይ ጓደኛዬ መጫወት አቁማ አግብታለች። ከጨዋታው በኋላ ከተመልካቹ መካከል ወደ እኔ መጥታ ሕፃን ልጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ልጁ የማልያዬን ክር ይዞ አልለቅ አለ፤ አውቶቡሳችን ጥሩምባ እስኪነፋ እዚያው ተቀምጠን አወራን።